ስሙን ሸጡት፣ አናጺውንም አብረው

«ልጁን የዋሸሁት እኔ ነኝ» አሉ አጎቴ።

ማንም አልከሰሳቸውም። ልጁ ራሱ አንገቱን ደፍቶ ዝም ነበር ያለው። ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ሁለት ማሽኖች ተጋድመዋል፤ አንዱ የሠላሳ ዓመት ገደማ ሽማግሌ፣ ሌላው የስምንት ወር ሕፃን። ሽማግሌው ይሠራል። ሕፃኑ ሞቷል።

ከመጀመሪያው ላውጋችሁ። አጎቴ ኮተቤ አካባቢ እንጨት ቤት አላቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። በርና መስኮት፣ ቁም ሳጥን፣ አልጋ፣ ሲገኝም የሆቴል ወንበር ይሠራሉ። ከመሣሪያዎቻቸው ሁሉ እንደ ልጅ የሚሳሱለት ሜሪላንድ የምትኖረው አክስቴ በዘጠናዎቹ የላከችላቸውን ራውተር ነው፤ የበር ጠርዝ የሚያወጣውን፣ እንጨት ላይ ቦይ የሚቆፍረውን የእጅ ማሽን ማለቴ ነው። የአሜሪካ ዕቃ ስለሆነ በ110 ቮልት ነው የሚሠራው። ስለዚህ ከማሽኑ የሚከብድ ትራንስፎርመር በየሄደበት ይከተለዋል። ካርቦኑን ስንት ጊዜ እንደቀየሩለት ረስተውታል። ኩሽኔታውን ሁለት ጊዜ። ሰጋቱራ እንዳይገባበት ማታ ማታ በጨርቅ ጠቅልለው ነው የሚያሳድሩት። እኛን ልጅ ሳለን እንዲያ ጠቅልለውን አያውቁም።

ባለፈው ዓመት ከተለማማጆቻቸው አንዱ የራሱን ሥራ ሊጀምር ገንዘብ አጠራቀመና «ጋሼ፣ የቱን ልግዛ?» ብሎ ጠየቃቸው። ጋሼ የራሳቸውን ማሽን ገልበጥ አድርገው ጎኑ ላይ የተጻፈውን ስም አሳዩት። «ይሄን ስም ካገኘህ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ።» ልጁ እንደተባለው አደረገ። መርካቶ እንኳ አልሄደም። ኮፒ እንዳይገጥመው ብሎ ከአሜሪካ በሚመጣ ሰው፣ ከነደረሰኙ አስመጣው። በስምንተኛው ወር ሸተተ፣ ጨሰ፣ ቆመ።

ጋሼ ብሎኖቹን ፈትተው ሁለቱን ጎን ለጎን አስተኟቸው። የአሮጌው የሞተር ቤት አልሙኒየም ነው፣ የአዲሱ ፕላስቲክ። የአሮጌው ካርቦን በውጭ በኩል በአንድ መፍቻ ይወጣል፤ የአዲሱን ለማውጣት ማሽኑን ግማሽ ለግማሽ ማፍረስ ያስፈልጋል። አንድ ዓይነት ሆኖ የተገኘው ስሙ ብቻ ነው፣ የፊደሉ አጣጣል ሳይቀር። ያን ጊዜ ነው «ልጁን የዋሸሁት እኔ ነኝ» ያሉት።

የማሽኑን ስም አልጽፍም። በአንድ ልጅ እጅ አንድ ማሽን ለምን እንደተቃጠለ ላቦራቶሪ ወስጄ አላስመረመርኩም። የመብራታችን ነገርም ይታወቃል። ከዚህ በታች ከምጠራቸው ውስጥ አንዱ ነው ብላችሁም አትገምቱብኝ። እኔን ያናደደኝ የማሽኑ መቃጠል ሳይሆን የጋሼ ንግግር ነው። ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው ሥራ የኖሩ ሰው ስለ አንድ ስም የሰጡት ምስክርነት እንዴት ሆኖ ውሸት ሆነ? ሲመሰክሩ እውነት ነበር እኮ! ያዩትን ነው የመሰከሩት። መሀል ላይ ግን የስሙ ባለቤት ተለወጠ። ለጋሼ የነገራቸው የለም።

ጋዜጠኝነት የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ሞተር የማውቀው ጋሼ ካሳዩኝ አያልፍም። ከትምህርቱ ግን አንድ ነገር ቀርቶልኛል። የአንድ ቃል ትርጉም ሲለወጥ ማን እንደለወጠው መጠየቅ። እናም ጠየቅኩ፣ አነበብኩ። ያገኘሁት ታሪክ የእኛ ሰፈር ታሪክ አይደለም፤ የአሜሪካ ነው። ጋሼ ግን በማያውቁት በዚያ ታሪክ ውስጥ አሉበት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።)

ፖርተር ኬብል የሚባል ስም አለ። በ1906 በኒውዮርክ ግዛት፣ ሲራኪዩስ ከተማ፣ ሦስት ሰዎች በ2,300 ዶላር የጀመሩት ነው። በ1926 ብርጭቆ ወረቀቱ እንደ ቀበቶ እየዞረ እንጨት የሚያለሰልሰውን የእጅ ማሽን አወጡ። ዛሬ በየእንጨት ቤቱ የሚጮኸው ቀበቶ ማለስለሻ የዚያ ማሽን የልጅ ልጅ ነው። በ1929 ደግሞ ሞተሩ ኃይሉን በጠማማ ጥርስ ለምላጩ የሚያስተላልፍበትን የእጅ ክብ መጋዝ ጨመሩ። በአጭሩ፣ የሚሠሩትን የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ።

በ1960 ሮክዌል የተባለ ግዙፍ ኩባንያ ገዛቸው። ፋብሪካውን ከሲራኪዩስ ነቅሎ ቴነሲ ግዛት፣ ጃክሰን ከተማ ወሰደው። በቀጣዮቹ ሃያ ዓመታት ስሙን ቀስ በቀስ አጠፋው። ለባለሙያ የሚሆኑትን ማሽኖች እየተወ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሮው ውስጥ መደርደሪያ ለሚመታ ሰው ርካሽ ዕቃ ወደ መሥራት ዞረ። በ1981 ፔንቴር የሚባል ሌላ ኩባንያ ከሮክዌል ገዛውና ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ስሙን ከመቃብር አወጣው። ወደ ባለሙያውም መለሰው። የሰማንያዎቹና የዘጠናዎቹ አሜሪካዊ አናጺዎች በፍቅር የሚያነሱት ፖርተር ኬብል ይኼ ከሞት የተነሣው ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ የአናጺ ስም ለርካሽ ገበያ ሲሰዋ ምን እንደሚደርስበት፣ ወደ አናጺው ሲመለስ ደግሞ ምን እንደሚሆን ሃያ ዓመት የፈጀ ሙከራ ተደርጎ ውጤቱ ታውቋል። ከ1981 በኋላ «አላወቅንም ነበር» ብሎ የሚያመካኝ ሥራ አስኪያጅ ካለ አልሰማውም።

ከዚያስ? በ2004 ፔንቴር ወደ ውሃ ሥራ ልዙር አለ። የመሣሪያ ክፍሉን፣ ፖርተር ኬብልንም ዴልታንም ጨምሮ፣ በ775 ሚሊዮን ዶላር ለብላክ ኤንድ ዴከር ሸጠው። በዚያው ዓመት የፓምፕ አምራች ኩባንያ ገዛ። አናጺ ያመነው ስም ተሽጦ ፓምፕ ተገዛ ብል አጋነንኩ?

ብላክ ኤንድ ዴከር ቤት ደግሞ ወንበሩ ተይዟል። ማን እንደያዘው ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብን፤ ታሪኩ ደግሞ ቢሄዱበት የማያስቆጭ ነው።

ብላክ ኤንድ ዴከር በ1910 በሜሪላንድ ግዛት፣ ባልቲሞር ከተማ በሁለት ወጣቶች በ1,200 ዶላር የተጀመረ ነው። እንደ ሽጉጥ የሚያዘውን፣ በጣት የሚሳበውን የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ በ1917 በስሙ ያስመዘገበ ቤት ነው። ዛሬ በየሱቁ ያለው መሰርሰሪያ ሁሉ የዚያ ቅርጽ ባለዕዳ ነው። ከዚህ በላይ ምን ክብር አለ? ግን በ1984 ይኸው ኩባንያ የጄኔራል ኤሌክትሪክን ትናንሽ የቤት ዕቃዎች ክፍል ገዛ። ዳቦ መጥበሻና ካውያ ላይም ብላክ ኤንድ ዴከር የሚል ተጻፈ። ከዚያ በኋላ የእናቱ ካውያ ላይ ያለውን ስም ይዞ ኮንስትራክሽን ሳይት ላይ የሚቀርብ ባለሙያ ጠፋ። በዘጠናዎቹ መግቢያ በአሜሪካ የባለሙያ ገበያ የጃፓኑ ማኪታ ግማሽ ያህሉን ሲይዝ፣ ብላክ ኤንድ ዴከር ከመቶ አሥር እንኳ አልሞላም።

መፍትሔው ምን ሆነ መሰላችሁ? መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ስም ነበራቸው። ሬይመንድ ዲዋልት የሚባል ሰው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ምላጩ ከላይ በክንድ ተንጠልጥሎ የሚመላለስ መጋዝ ፈልስፎ በ1924 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ኩባንያ አቋቁሞበት ነበር። በ1949 ኤ ኤም ኤፍ ገዛው፤ አዎ፣ የቦውሊንግ ማሽን የሚሠራው። በ1960 ደግሞ ወደ ብላክ ኤንድ ዴከር እጅ ገባ። ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1992፣ ኩባንያው የባለሙያ ማሽኖቹን ቢጫ ቀባና ዲዋልት ብሎ ጻፈባቸው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአናጺው ልብ ተመለሰ። የሃርቫርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ እንደ ምሳሌ ያስተምረዋል።

ቢጫው ማሽን መጥፎ ነው አላልኩም። ብዙ ሰው የሚተማመንበት ማሽን ነው። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሬይመንድ ዲዋልት በሕይወቱ ያንን ቢጫ መሰርሰሪያ አላየውም። ስሙን ያከበረው ሽማግሌ አናጺ ያከበረው መጋዙን ነበር። አክብሮቱን ግን ከመጋዙ ላይ ነቅለው መሰርሰሪያ ላይ ተከሉት፤ በቀለ። ይህንን ያየ ኩባንያ ስም ከዕቃው ተለይቶ ለብቻው መራመድ እንደሚችል ተማረ። ስም ወደ ላይ መራመድ ከቻለ ወደ ታችም ይችላላ!

ወደ 2004 እንመለስ። ፖርተር ኬብል እዚህ ቤት የገባው የእንጀራ ልጅ ሆኖ ነው። የበኩር ልጁ ቢጫው ነው። ለባለሙያ የቆሙ ሁለት ስሞች በአንድ ቤት ሲኖሩ እርስ በርስ ገበያ ይሻማሉ። ስለዚህ አንዱ መውረድ ነበረበት። በ2010 ደግሞ ብላክ ኤንድ ዴከር ከኮነቲከቱ ስታንሊ ጋር ተዋሐደ። ሲዋሐዱ ለባለ አክሲዮኖች የገቡት ቃል በዓመት 350 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንቀንሳለን የሚል ነበር። ለአናጺው ምን ቃል ገቡ? ፈልጌ አጣሁ። ፖርተር ኬብል ከዲዋልት በታች ባለው የዋጋ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ከትልልቅ መደብሮች በካርቶን፣ መሰርሰሪያና ባትሪ ባንድ ላይ ታሽጎ ለጀማሪ የሚሸጥ ሆነ። የድሮ ራውተሮቹ ለዓመታት እንደቆዩ መናገር ይገባኛል፤ ሐቁን መደበቅ አልፈልግም። ስሙ ግን ወርዷል። ሮክዌል ሃያ ዓመት ፈጅቶ የሠራውን ስህተት ሁሉም እያየ ደገሙት፤ በዚህኛው ዙር ደግሞ ስህተት አላሉትም፣ ስትራቴጂ አሉት።

አብሮት የተሸጠው ዴልታስ? ዴልታ በ1919 በሚልዋኪ ከተማ የተወለደ የትልልቅ ማሽኖች ስም ነው። በ1939 ያወጣው ዩኒሶ የሚባለው የጠረጴዛ መጋዝ የአሜሪካ እንጨት ቤቶች ምሰሶ ነበር። ገላው የብረት ቀልጥ ነው፤ ከአያት ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። እንዲህ ያለ ማሽን የሚገድለው እርጅና ሳይሆን አንዲት የምትበላ ትንሽ ዕቃ መጥፋቷ ነው። በ2011 ስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር ዴልታን ለብቻው ነጥሎ ቻንግ ታይፕ ለተባለ የታይዋን ኩባንያ ሸጠው። ለአሥርት ዓመታት በአንድ ቤት የኖሩ ሁለት ስሞች ተለያዩ። ከዚያ ወዲህ የድሮ ዴልታ ባለቤቶች ሲገናኙ የሚያወሩት ስለ መለዋወጫ ነው። ትናንት በቁጥር ይታዘዝ የነበረው ዕቃ ዛሬ አይመረትም ይባላሉ፤ ከሞተ ማሽን ላይ እየፈቱ፣ በየቆርቆሮ ተራው እየለመኑ ያሟላሉ። (ቆርቆሮ ተራ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እነሱ ምን እንደሚሉት ይመቻቸው። ሥራው ግን ያው የኛው ነው።)

ክራፍትስማንን በአጭሩ ልለፈው። የሲርስ መደብር ስም ነበር፣ ከ1927 ጀምሮ። ሲርስ ማሽኖቹን ራሱ አይሠራቸውም ነበር፤ ሌሎች ፋብሪካዎች ሠርተው ያስረክቡታል። ስለዚህ «ስም ማለት ፋብሪካ ነው» የሚለው ክርክሬ እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ ይፍረስ። ክራፍትስማንን ስም ያደረገው ባንኮኒው ነው። የተሰበረ የእጅ መፍቻ ይዘህ ትገባለህ፣ ማንም ምንም ሳይጠይቅህ አዲስ ይዘህ ትወጣለህ። በ2017 ሲርስ ሲሰምጥ ስሙን በ900 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለዚያው ለስታንሊ ብላክ ኤንድ ዴከር ሸጠ፤ በቀጣዩ ዓመት ራሱ ሲርስ ኪሳራ አወጀ። አዲሱ ባለቤት ክራፍትስማንን ወደ አሜሪካ እመልሳለሁ ብሎ በ2019 ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ላይ የ90 ሚሊዮን ዶላር ፋብሪካ እንደሚሠራ አስታወቀ። በ2023 እዘጋዋለሁ አለ። ስሙ አሁንም አለ።

አንባቢ «ይቺ ልጅ ፈረንጅ ለቻይና ሸጠ ብላ ልታለቅስ ነው» ብሎ እንዳይጠረጥረኝ ሚልዋኪን ላንሣ። ሚልዋኪ፣ ቀዩ፣ በ1924 የተመሠረተ የአሜሪካ ስም ነው። በ2005 ከስዊድኑ አትላስ ኮፕኮ ላይ የሆንግ ኮንጉ ቴክትሮኒክ ኢንዱስትሪስ ገዛው። ብዙ ሰው አበቃለት አለ። አላበቃለትም። በ2008 ኤም 18 የሚባለውን የባትሪ ቤተሰብ አወጣና ዛሬ ቢጫውን እንቅልፍ የሚነሳው እሱ ነው። ለምን? አዲሱ ባለቤት ለቤት ሠራተኛው አረንጓዴው ራዮቢ ስለነበረው ቀዩን የበኩር ልጅ አደረገው። የእንጀራ ልጅ ሆኖ አልገባም። ስለዚህ የገዢው ዜግነት ምንም አይነግረንም። የሚነግረን ቤቱ ውስጥ የተሰጠው ወንበር ነው። ያንን ወንበር ደግሞ የሚያድለው አናጺው አይደለም፤ ሲታደልም አይጠየቅም።

የተገላቢጦሹም አለ። የሂታቺ ኮኪን ማሽን የማያውቅ የለም። በ2017 ኬ ኬ አር የሚባል የአሜሪካ ኢንቨስትመንት ድርጅት ኩባንያውን ገዛው። ሂታቺ የሚለው ስም ግን አብሮ አልተሸጠም። በ2018 ያው ማሽን፣ ከነአረንጓዴ ቀለሙ፣ በዓለም ገበያ ሃይኮኪ ተባለ፤ በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ሜታቦ ኤች ፒ ቲ። ፖርተር ኬብል ላይ ስሙ ቀርቶ ማሽኑ ሄደ፣ እዚህ ማሽኑ ቀርቶ ስሙ ሄደ። በሁለቱም በኩል ግራ የተጋባው ባለ ሰጋቱራው ሰውዬ ነው።

ባትሪው ነገሩን አብሶታል። ድሮ ስሙ ካልጣመህ ሶኬቱን ነቅለህ የሌላ ትሰካለህ። ዛሬ አናጺ መጀመሪያ የሚገዛው ባትሪ ነው፤ ከዚያ መጋዙንም ማለስለሻውንም ከዚያው ስም መግዛት ይገደዳል፣ የሌላው አይገባለትም። የአንድ ባለቤት ልጆች የሆኑት የዲዋልትና የክራፍትስማን 20 ቮልት ባትሪዎች እንኳ እርስ በርስ አይገጥሙም። ስሙ ነገ ቢሸጥ ወይም ቢወርድ አናጺው አብሮ ይወርዳል፤ ገንዘቡ ባትሪው ውስጥ ነው። (የሰፈራችን ልጆች 18 ቮልት ይሻላል 20 ይሻላል እያሉ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ዲዋልት አሜሪካ ውስጥ 20 ቮልት ማክስ፣ አውሮፓ ውስጥ 18 ቮልት ኤክስ አር ብሎ የሚሸጠው ባትሪ አንድ ነው። ሃያ የሚሆነው ገና ቻርጅ ተደርጎ ሥራ ሳይጀምር ነው፤ ሥራ ላይ አሥራ ስምንት ነው። ስም ነው የምትከራከሩት፣ ወንድሞቼ።)

ማኔጅመንት የተማረ ጓደኛ አለኝ። ይህንን ሁሉ ስነግረው ማኪያቶውን እያማሰለ «ብራንድ እኮ አሴት ነው፣ ባለቤቱ የፈለገውን ቢያደርግበት ምን አገባሽ?» አለኝ። አሴት ከሆነ ማን አጠራቀመው? በ775 ሚሊዮኑ ውስጥ ፋብሪካ አለ፣ ክምችት አለ፣ ፈጠራ አለ፤ እሺ። የስሙ ዋጋ ግን ከየት መጣ? በየከተማው እንደ ጋሼ ያለ አናጺ ለተለማማጁ «ይሄን ግዛ» እያለ ነው የሞላው። ደሞዝ ያልተከፈለው ማስታወቂያ ሠራተኛ ነው። የአሜሪካ የንግድ ምልክት ሕግ ራሱ ስም ከመልካም ዝናው ተነጥሎ ባዶውን አይተላለፍም ይላል። ሕጉ እምነት አብሮ እንደሚሸጥ ያውቃል ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ያ እምነት ምን ላይ እንደዋለ ግን ማንም መጥቶ አይቆጥርም።

እዚህ አገር አንድ ነጋዴ በማይታወቅ መሰርሰሪያ ላይ የታወቀ ስም ቢለጥፍ ሕገ ወጥ ነው፤ የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 (ይሄኛው በኛ አቆጣጠር ነው) አለበት። ይጠየቅ፣ አልከራከርም። ስሙን በገንዘቡ የገዛው ኩባንያ ግን በሌላ ማሽን ላይ ያንኑ ስም ሲለጥፍ ባለ ራእይ ይባላል። ልዩነቱ አይጠፋኝም፤ ሕጋዊው ዋስትና ይሰጣል፣ ግብር ይከፍላል፣ ቢከሰስ አድራሻ አለው። ባንኮኒው ፊት ለቆመው ልጅ ግን ጥያቄው አንድ ነው፤ ይህ ስም የሚነግረኝ ነገር ይህ ዕቃ ውስጥ አለ ወይስ የለም? በሁለቱም ሱቅ መልሱ «የለም» ከሆነ፣ ደረሰኝ መያዙ ምን ያጽናናዋል?

ርካሽ ዕቃን አልጠላም። ይህንን ልብ ብላችሁ ያዙልኝ። የድሮው ዕቃ ሁሉ ወርቅ ነበር የሚሉ ሰዎች ዋጋውን አይነግሩንም፤ ያ የብረት ቀልጥ መጋዝ ለጀማሪ የሚቀመስ አልነበረም። በርካሽ መሰርሰሪያ ሥራ ጀምሮ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ስንት ልጅ አለ። ርካሽ ሆኖ በራሱ ስም የሚሸጥ ዕቃ አያታልልም። ገዢው የሚገዛውን ያውቃል፣ ሲበላሽበትም አይደነግጥም። ችግሩ ርካሹ የሌላ ሰው ካባ ደርቦ ሲመጣ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ ስም አይሸጥ አልልም፤ ሰው ይሞታል፣ ኩባንያም ይከስራል። የምለው ስም የገዛ ሰው ዕዳውንም ይግዛ ነው። ዕዳው መለዋወጫ ነው። ስሙ ከተጻፈባቸው አሮጌ ማሽኖች ጋር አብሮ የመለዋወጫ ዝርዝሩን፣ ሥዕሉን፣ ቁጥሩን ይረከብ፤ ወይ ይሥራ፣ ወይ ለሚሠራ ሰው ሥዕሉን ይልቀቅ። ካርቶኑ ላይም ማሽኑን ማን እንደሠራውና ስሙ መቼ እጅ እንደለወጠ ይጻፍ፤ የወተት ፓኮ እንኳ ቀን አለው። ይህ ሕልም አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 የመጠገን መብት ሕግ አውጥቷል። ዝርዝሩን አየሁት፤ ልብስ ማጠቢያ አለ፣ ፍሪጅ አለ፣ ስልክ አለ፣ የብየዳ ማሽን ሳይቀር አለ። የአናጺ መጋዝና መሰርሰሪያ የሉም። በያጁ መብት አለው፣ አናጺው የለውም። ለምን? አናጺው ስለ ስም ሲጨቃጨቅ ስለ መለዋወጫ መጮህ ረሳ እላለሁ እኔ። ቢጫ ነኝ፣ ቀይ ነኝ፣ አረንጓዴ ነኝ እያለ እንደ ኳስ ደጋፊ ተከፋፍሏል፤ የቡድኖቹ ባለቤቶች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ከሜሪላንድ ደወለች። የልጁን ነገር ሰምታ አዝናለች፣ ሌላ ማሽን ልትልክለት ነው። «የቱን ስም ልግዛ?» አለች። ጋሼ ስልኩን ተቀበሉኝና ስም አልጠሩላትም። «ካርቦኑ በውጭ በኩል ይፈታ እንደሆን ጠይቂልኝ» አሏት። አክስቴ ደግ ናት፤ ሱቅ ሄዳ ጠይቃ ማታውኑ መልሳ ደወለች። ሻጩ አሁን የሚወጡት ብራሽለስ ናቸው፣ ካርቦን የሚባል ነገር የላቸውም ብሏታል። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «ታዲያ ሲበላሽ ምኑ ነው የሚቀየረው?» አሉ።

እሱንም ጠይቃው ነበር።

«ማሽኑ» ብሏታል።